እትዬ ውዴን ማንበብ ያስተማርሁ ጊዜ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጸሐፊው አንድ ቅጽ አቀረበና «ማስተማር የጀመሩት መቼ ነው?» አለኝ። የመንግሥት ትምህርት ቤት የተቀጠርሁበትን ዓመት ነገርሁት፤ ጻፈው፤ ፈረምሁ፤ አለቀ። በማግሥቱ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስበው ለካስ ዋሽቻለሁ። ማስተማር የጀመርሁት ከዚያ በፊት፣ በጣልያን ጊዜ፣ ወገራ ላይ ነው፤ ደመወዝም መዝገብም በሌለበት። የመጀመሪያዋ የራሴ ተማሪም አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ነበረች። እሷን ትቼ ስለ ዳባት፣ ስለ ቆላ ድባና ስለ እንፍራንዝ ትምህርት ቤቶች ባወራ ዋናውን ነገር ደበቅሁ ማለት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ፈሪ ሰው ነኝ። ዳኛ ፊት ቀርቶ ዲሬክተር ፊት ስቀርብ ጉልበቴ ይከዳኛል። እንፍራንዝ ሳለሁ የአንዱ ዲሬክተራችን የጫማ ኮቴ ከተሰማኝ ጠመኔው ከእጄ ይወድቅ ነበር። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የፍየል ጠቦት እንኳ የማያስደነግጥ ሰው ነበር። ባልደረቦቼ «መምህር፣ ጣልያን ከሄደ እኮ ቆየ!» እያሉ ይስቁብኛል። አብሬ እስቃለሁ። ከየት እንደመጣብኝ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከአምባ ጊዮርጊስ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ባለ አንድ ደብር የኔታ ክንፉ የሚባሉ የንባብ መምህር ነበሩ። እኔ የሳቸው አስነባቢ ነበርሁ። ጀማሪዎቹን ፊደል አስቆጥራለሁ፣ ከፍ ያሉትን ዳዊት አስነብባለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ሁላችንንም ያዳምጣሉ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ጉድ ነው። ሠላሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንዱ አቡጊዳ፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ፣ አንዱ ዳዊት ሲያነብ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ያንቀላፉ ይመስላሉ። ከወዲያ ጥግ አንዱ ልጅ አንዲት ቃል ከሳተ ግን «መልስ!» ይላሉ። ልጁ ይመልሳል። አሁንም ከሳተ «መልስ!» ነው። ስድብ የለም፤ አለንጋም እምብዛም አያነሡ። ይህች ቃል እኔም ላይ ተጋባችብኝና ሳላስበው ከአፌ ታመልጥ ጀመር። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንድ ገበሬ ምሎ ሲገዘት ቢንተባተብ «መልስ!» ብዬው በዱላው ሊለኝ ምንም አልቀረው።

በኛ ጉባኤ ንባብ ማለት ድምፅ ነው። ድምፁ ያልተሰማ ተማሪ እያነበበ አይደለም፤ ተኝቷል። እኔም እንደዚያው ተምሬ እንደዚያው አስተምር ነበር። የኔታ ብቻ አንድ ልማድ ነበራቸው። ደብዳቤ ሲመጣላቸው ወደ አጥሩ ጥግ ይሄዱና አንዲት የሣር አገዳ መዝዘው በጥርሳቸው ይነክሳሉ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆይተው ቆይተው ያጥፉታል። ድምፅ የለም። የጥርስ ሕመም ያለባቸው ይመስለኝ ነበር። አልጠየቅኋቸውም።

ጣልያን ጎንደርን ከያዘ ወዲህ ኑሯችን ሁሉ ጆሮ ሆነ። ከሩቅ በመንገዱ ላይ ማኪና ሲያጓራ ጉባኤው ጸጥ ይላል፤ ድምፁ ሲርቅ እንደገና ይጀምራል። የጉም ቀን ደግሞ ይብሳል፤ ማን እንደመጣ ሳታይ አጠገብህ ይቆማል። ባንዳዎች ወደ ደብሩ ብቅ እያሉ «አርበኛ ስንቅ ታቀብላላችሁ አሉ» ይላሉ፤ የኔታ «እኛ የምናቀብለው ሀሁ ነው» ይሏቸዋል። እውነቱ ግን ከደብሩ በታች ባለው ገደል፣ ዋሻ ውስጥ፣ አያ ደምሌ የሚባሉ አርበኛ ከነሰዎቻቸውና ከነቤተሰቦቻቸው ሰፍረው ነበር። ጎንደር ከተማ ውስጥ ደግሞ በጣልያኑ መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ የውስጥ አርበኛ ነበራቸው። ጦር የሚወጣበትን ቀን ይጽፍላቸዋል። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ችግሩ ደብዳቤውን ማውጣቱ ላይ ነበር። በከተማው መውጫ ኬላ ቆሟል። ቦርሳ ይበረበራል፣ ቅል ይገለበጣል፣ የሴት ሹሩባ ሳይቀር ይፈታል። አንድ ሰው በኮርቻ ውስጥ ሰፍቶ ሲወጣ ተይዞ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ አያ ደምሌ አንድ ዘዴ አሰቡ። ከተማ ገብቶ ደብዳቤውን እዚያው የሚያነብ፣ እዚያው የሚያቃጥል፣ ቃሉን በጭንቅላቱ ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰው ይፈለጋል። ግን ማንበብ የሚችለው ቄስና ደብተራ ነው፤ ቄስና ደብተራ ደግሞ በጥምጥሙ ይታወቃል። አንድ ከሰዓት ወደ የኔታ ቤት ሲመጡ እትዬ ውዴን ይዘው መጡ።

እትዬ ውዴ ባሏ የሞተባት፣ በየሳምንቱ ቅቤ ይዛ ጎንደር የምትወርድ ሴት ነበረች። የኬላው ዘቦች ሳይቀሩ በስም ይጠሯታል።

«የኔታ፣ ይችን ሴት በሦስት ወር ያስነብቡልኝ» አሉ አያ ደምሌ።

«ልጅ እንኳ ሁለት ዓመት ይፈጅብኛል።»

«ምን ላርግ? ጣልያን ሁለት ዓመት አይታገሠኝ።»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ታስተምራታለህ» አሉኝ። እምቢ ለማለትም ፈራሁ።

ለሰው «ልትመነኩስ ነው፤ ዳዊት እየተማረች ነው» ተባለ። ፀጉሯን ተላጨች፤ ለሹሩባ ፈቺዎቹም ሥራ ቀነሰችላቸው። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ወደየመንደሩ ሲበተኑ እሷ ትመጣለች፤ በየኔታ ቤት ጓዳ እንቀመጣለን። ውሻ በጮኸ ቁጥር ፊደሉን ጋቢዬ ሥር እደብቃለሁ። እሷ ትስቅብኛለች።

«ትንሹ የኔታ፣ ምነው? ፊደል ነው እንጂ ጠመንጃ አልደበቅህ።»

ከዚያ ድምፅዋን አወፍራ እኔን ታስመስላለች። «መልሺ!» ትላለች፣ ቅንድቧን ሰብስባ። ቁርጥ እኔን። የኔታ እንኳ አንድ ቀን ሰምተው፣ የጠራኋቸው መስሏቸው፣ ከደጅ ሆነው «አቤት!» ብለውናል።

ትልቅ ሰው ማስተማር የልጅ አይደለም። ሀሁን በዜማው በሁለት ቀን ያዘችው፤ ዜማውን ብቻ። ከመካከል አንዱን ብጠቁማት ከ«ሀ» ጀምራ እየቆጠረች ካልደረሰች አታውቀውም። የኔታ ለዚህ መድኃኒት ነበራቸው። የዋንዛ ቅጠል መካከሉን በእሾህ ይበሱና ፊደሉ ላይ ያስቀምጣሉ፤ በቀዳዳው አንዷ ፊደል ብቻ ትታያለች። ቅጠሉን እዚህም እዚያም አዘዋውራለሁ፤ ዜማ የሚያዝበት ቦታ የለም። እሷም በራሷ መንገድ ስም ታወጣላቸው ጀመር። «ይች ‹ቀ› በሁለት እጇ ወገቧን ይዛ የቆመች የባሌ እናት ናት» ትላለች። ከዚያ በኋላ «ቀ»ን ስታ አታውቅም። የብራናውን ፊደል ስትለምድ ደግሞ ሌላ መከራ መጣ፤ የእጅ ጽሑፍ እንደ ብራና አይደለም፤ ይጋደማል፣ ይጠላለፋል። ስለዚህ በየቀኑ የውሸት ደብዳቤ እጽፍላት ነበር፤ «ይድረስ ለእትዬ ውዴ፣ ላሟ ወለደች፣ አጥሩ ፈረሰ» እያልሁ።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን አንዱን ደብዳቤ ሳትቆም እስከ መጨረሻው ወጣችው። ደነገጠች። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ማን እንደተናገረ የምትፈልግ ይመስል።

«ሸጋ ነው፣ ግን ድምፅሽ አልተሰማም» አልኋት። «ካፍሽ ካልወጣ አላነበብሽም። ጮክ በይ!»

ጮክ አለች። ደስ አለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ግን ያን ቀን ከኔ በላይ መምህር ያለ አልመሰለኝም።

በዚያው ሰሞን ጣልያን መምህራን ሁሉ ጎንደር እየቀረቡ ማኅተም ያለበት ፈቃድ እንዲያወጡ አዘዘ። የኔታ ለኔም ለሳቸውም እንዳወጣ ላኩኝ፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ ቀን ነበርና እትዬ ውዴን እንዳላጣት አደራ አሉኝ። በመንገድ ተራርቀን ሄድን፤ እሷ ቅሏን አዝላ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከመሥሪያ ቤቱ ሁለቱን ወረቀት ተቀበልሁ፤ ስሜ በአማርኛ፣ ከሥሩ «የንባብ መምህር» የሚል፣ ከዚያ ክብ ማኅተም። ስወጣ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ደብዳቤው የሚጠብቀን ከግንቡ በታች፣ አንዲት አሮጊት ቤት ነው። ቤቱ ጭቃ ነው፤ ከወዲያ ያለው ጎረቤት ጠላ ቤት፣ መካከሉ አንድ ግድግዳ። ከዚያ ማዶ የባንዳዎች ሣቅና የጣሳ ድምፅ ይሰማል። አሮጊቷ እትዬ ውዴን ወደ ጓዳ አስገባቻት፤ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ፤ ሰው ከመጣ ላስል ነበር ውላችን።

ጥቂት ቆይቶ ድምፅ ሰማሁ። የእትዬ ውዴ ድምፅ ነው፤ እኔ ያስተማርኋት ንባብ፣ ጥርት ያለ፣ ከፍ ያለ። «ይድረስ ለአያ… ማክሰኞ ጧት ሦስት መቶ ጦር ከጎንደር ተነሥቶ…»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ ኩራት ነው። ቃሉን አነሣሧ፣ አጣጣሏ፣ እስትንፋሷን የምትስብበት ቦታ ሁሉ ልክ ነበር። ልቤ አብሯት እየተራመደ ሳለ «በኮሶዬ በኩል» የሚለው ላይ ስትደርስ ፊደል ውጣ አለፈች።

«መልሺ!» አልሁ።

ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። ከኔ አፍ መውጣቱን ያወቅሁት ከወጣ በኋላ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ! እሷም የሦስት ወር ልማዷ ነውና ድምፅዋን ይበልጥ ከፍ አድርጋ መለሰች፤ «በኮሶዬ በኩል ወደ ዋሻው ይወርዳልና ሰውዎን ያሽሹ።»

ከግድግዳው ማዶ ሣቁ ቆመ። የጣሳው ድምፅም ቆመ። አሮጊቷ እጇን አፏ ላይ ጭና ታየኛለች። እትዬ ውዴ ከጓዳ ወጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ወረቀቱን ምድጃው ውስጥ ከተተችውና እስኪያልቅ አየችው። ከዚያ ቅሏን አነሣች። ተራርቀን ወጣን።

የፈሩት ይደርሳል። ኬላው ዘንድ ስንደርስ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ሴቱ በአንድ ወገን፣ ወንዱ በአንድ ወገን። ከጠላ ቤቱ የመጣ አንድ ባንዳ፣ አንድ አስተርጓሚና አንድ ጣልያን መኮንን ነበሩ። የሚፈልጉት አንዲት የምታነብ ሴትና አንድ የሚያርማት ወንድ ነው። የምታነብ ሴት ደግሞ በየመንገዱ አትገኝም። አስተርጓሚው ከሰልፉ መካከል የኔን ወረቀት አየና ነጠቀኝ፤ ማኅተሙን አይቶ «ይሁን» አለና በዚያው ወረቀት ሴቶቹን ይፈትን ጀመር። እያንዳንዷ ፊት ይዘረጋዋል፤ ፊደሉን ይከተል እንደሆን ዓይኗን ያያል። እትዬ ውዴ ተራዋ ሲደርስ እንደ ላም ፈዝዛ አየችው። «እለፊ» አላት። ካለፉት ሴቶች ጋር መንገድ ዳር ተቀመጠች።

ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞሩ። አንድ በአንድ ባንዳው ፊት እያቆሙ «መልሺ በል!» ይላሉ። አንድ የጨው ነጋዴ አለ። ባንዳው ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም። ከኔ በፊት ሁለት ሰው ቀረ። የንባብ መምህር መሆኔን የሚናገር ወረቀቴ አስተርጓሚው እጅ ላይ ነው፤ ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ቀረ።

አስተርጓሚው ወረቀቱን በተንጠለጠለ እጁ ይዞ ከእትዬ ውዴ አጠገብ ቆሞ ነበር። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቀስ እያለ፣ ፊደል በፊደል፣ ስሜን አነበበች።

«ታነባለች!» ብሎ አንዱ ዘብ ጮኸ።

ጎትተው አቆሟት። አልካደችም። «አነባለሁ። ሟቹ ባሌ ዲያቆን ነበር፤ እሱ አስተማረኝ» አለች።

«የወንዱ ድምፅስ?»

«የምን ወንድ? እኔው ነኝ። ባሌ እንደዚያ ነበር የሚቆጣኝ፤ ስሳሳት በሱ ድምፅ ራሴን እቆጣለሁ።» ከዚያ ቅንድቧን ሰብስባ «መልሺ!» አለች፣ በኔ ድምፅ።

ባንዳው «እሱ ነው! የሰማሁት እሱ ነው!» አለ። የወንዶቹ ሰልፍ ተበተነ። አስተርጓሚው ወረቀቴን ሲመልስልኝ «ታውቃታለህ?» አለኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ አላውቃትም አልሁ፤ በቃል እንኳ አይደለም። እትዬ ውዴ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ቆምህ? መንገድህን ሂድ እንጂ!» አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ የኔታ ብላ የጠራችኝ ሴት።

ሄድሁ። ቃሉ እኔም ጋ ነበርና፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ያን ሁሉ ዳገት ሰው በተገናኘኝ ቁጥር ጥርሴን ግጥም አድርጌ፣ ማክሰኞ፣ ሦስት መቶ፣ ኮሶዬ፣ እያልሁ በሆዴ ስደግም ወጣሁ። አያ ደምሌ ሰዎቻቸውን አሸሹ፤ ጦሩ ሲወርድ ዋሻው ባዶ ነበር። ከነዚያ ሰዎች ልጆች አንዳንዶቹን በኋላ ዳባት ላይ አስተምሬያቸዋለሁ። እትዬ ውዴ ጎንደር ታሰረች፤ ዓመት ሳይሞላት በተስቦ ሞተች ተብሎ ወሬው መጣ።

የኔታ አልተቆጡኝም። ሁሉን ነገርኋቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሰሙኝ። ከዚያ ስለ ሣሩ ነገሩኝ፤ አገዳ የሚነክሱት ደብዳቤ ሲያነቡ ከንፈራቸው እንዳይንቀሳቀስ ኖሯል።

«ምነው አልነገሩኝም?» አልኋቸው፣ እያለቀስሁ።

«ምነው አልጠየቅኸኝም?» አሉ። ቆይተው ግን ድምፃቸው ሰለለ። «እኔስ ምነው አላሰብሁ? ዳዊት ለሚደግም ሰው የሚሆነውን ንባብ ነው ያስተማርናት። የት ቆማ እንደምታነብ አላሰብንላትም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተምሬያለሁ። ክፍል በገባሁ ቁጥር የምፈራው ዲሬክተሩን ብቻ አልነበረም፤ ልጆቹንም ነው። የማስተምራቸው ነገር ነገ የት እንደሚያገኛቸው አላውቅም። ሰው አንድ ጊዜ ካወቀ አላውቅም ማለት አይችልም፤ ዓይኑ ያነባል፣ ከንፈሩ ይከተላል። እስከ ዛሬ የሚበላኝም ይኸው ነው። እትዬ ውዴ ከንፈሯ የተንቀሳቀሰው እኔ ባስለመድኋት ልማድ ነው? ወይስ ከፊቴ አንድ ሰው ብቻ እንደቀረ አይታ፣ አውቃ ነው? አንዳንድ ቀን ይሄኛው፣ አንዳንድ ቀን ያኛው ይመስለኛል። በሁለቱም እኔ አለሁበት።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት አልፎ ጎንደር ላይ የጎልማሶች ትምህርት ተከፈተና እኔም እዚያ ተመደብሁ። የመጀመሪያ ቀን ተማሪዎቹን በየደረጃቸው ለመመደብ አንድ ገጽ እየሰጠሁ አስነብብ ነበር። አንዲት ጎልማሳ ሴት ተራዋ ደርሶ ገጹን ሰጠኋት። ዝም ብላ ታያለች። ቆየች።

«አንብቢ እንጂ» አልኋት።

«አነበብሁት እኮ» አለችና የተጻፈውን ሁሉ በቃሏ ነገረችኝ።

ከንፈሯ ንቅንቅ አላለም ነበር። ወንበሬን ያዝሁ። «ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?» አልኋት።

«በጣልያን ጊዜ ታስሬ ነበር። አንዲት የወገራ ሴት ነበረች፤ መሬቱ ላይ በከሰል እየጻፈች አስተማረችን። ድምፅ አይወጣም፤ ከንፈር ያንቀሳቀሰች አጠገቧ ያለችው ትቆነጥጣታለች። ሰባት ሆነን ነው የተማርን። ምነው፣ ያውቋታል?»

«እሷስ ማን አስተማረኝ ትላችሁ ነበር?»

«ዲያቆን ባሌ ትለን ነበር። እስክትሞት ድረስ እንደዚያው አለች።»

ባሏ ዲያቆን አልነበረም፤ ገበሬ ነበር፤ ፊደል አይለይም። ክፍሉ ውስጥ አርባ ሰው ያየኛል። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«እኔ ነኝ ያስተማርኋት» አልሁ። ድምፄ አልሰማ ብሎኝ እንደገና መለስሁት።